ከስሙ በታች

ፖስታ ቤት የምሄደው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሐሙስ ይሄድ ነበር፤ እኔም በዚያው ቀጠልኩ። ሣጥኑም የእሱ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ልጆቼ "እማዬ፣ ምን ያደርግልሻል? መልሺው" ብለውኝ ነበር። አልመለስኩትም። እንኳንም አልመለስኩት።

ለወጣት አንባቢ ላስረዳ። በአገራችን ደብዳቤ ቤት ድረስ ሲመጣ አላየሁም። ሣጥን ትከራያለህ፣ ቁልፍ ይሰጥሃል፣ መጣ አልመጣ እያልክ ራስህ ሄደህ ታያለህ። አብዛኛውን ሐሙስ ባዶ ነው። ዘግቼው ገበያ እወጣለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ግን አንድ ፖስታ ነበር። ቀለል ያለ። "ደብረ ብርሃን" ከሚለው ውስጥ "ር" አንገቷን ደፍታለች። የትልቁ እጅ መሆኑን አወቅሁ። ሳልከፍተው ቤት ድረስ ይዤው ሄድኩ። መንገድ ላይ ደብዳቤ መክፈት አልወድም። ቡናው ይፈላል፣ መነጽሩ ይወለወላል፣ ከዚያ ነው።

ትልቁ የምለው የሴት ልጄን ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር በምትባል ከተማ ተወልዶ እዚያው እያደገ ነው። እህቱ ትንሿ ስድስት ሞላት። ስማቸውን አልጽፍም፤ እናታቸው "የልጅ ስም ኢንተርኔት ላይ አይወጣም" ብላኛለች። አልተሳሳተችም።

መጻጻፍ የጀመርነው መርጠን አይደለም። እስከ 2015 ክረምት ድረስ ቅዳሜ ማታ በቪዲዮ እንገናኝ ነበር። እነሱ ጋ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ስልኩ ላይ ሁለት ግንባር አያለሁ። "ደህና ናችሁ?" "ደህና።" "ትምህርት እንዴት ነው?" "ጥሩ።" ከዚያ ትልቁ ዓይኑ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፤ ትንሿ ስልኩን ትልሰዋለች። አራት ደቂቃ ከቆየን ብዙ ነው። በቀረው ጊዜ ከእናታቸው ጋር ስለ ደም ግፊቴ እናወራለን።

በዚያ ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወራት ቆየ። ምክንያቱን አንባቢ ያውቀዋል፤ የዛሬው ጨዋታዬ እሱ አይደለም። ስልኩም አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል። አንድ ቀን መስመር ተገኝቶ ልጄ "ትልቁ፣ እማማ ለምን አትደውልም እያለ ነው" አለችኝ። ያን ለት ማታ ከደብተር አንድ ሉክ ገነጠልኩ። ደብዳቤውን አዲስ አበባ ለሚሄድ የጎረቤት ልጅ ሰጠሁትና እዚያ ፖስታ ቤት አስገባልኝ። እስከ አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር በአደራ፣ የቀረውን በቴምብር ሄደ ማለት ነው።

ደብዳቤ መጻፍ ለእኔ አዲስ አልነበረም። በአንድ ወቅት እንደውም ሥራዬ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። መንዝ ደረሰኝ፤ ከመሐል ሜዳ በእግር የሚኬድበት አንድ መንደር። እናቶቹ የሚማሩት ማታ ነው፣ በኩራዝ። ባና ተከናንበው ይመጣሉ። ባና ማለት ከበግ ጠጉር የሚሠራው የመንዝ ብርድ ልብስ ነው። ካፊያ ሲነካው በግ በግ ይላል። እስከዛሬ "ሀ ሁ" ሲባል ያ ሽታ ይመጣብኛል።

እናቶቹ ፊደል እስኪለዩ ድረስ የሚቆይላቸው ጉዳይ አልነበረም። ልጆቻቸው ወታደር ሆነው ሰሜን ነበሩ። ከትምህርት በኋላ ወደ ኋላ ቀረት ይሉና "እስቲ ጻፊልኝ" ይሉኛል። የደብዳቤውን ወግ ከእኔ በላይ ያውቁታል። "ይድረስ ለተወደድከው ልጄ። ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።" የሁሉም አጀማመር ይኸው ነው። ቀጥሎ ሰላምታ ይደረደራል። እገሌ ሰላም ብሎሃል፣ እገሊት ሰላም ብላሃለች። ላሚቱ ወለደች። ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ መታው። "በቃ፣ ይኸው ነው" ይላሉ። እኔም "እናትህ" ብዬ ስማቸውን አሰፍራለሁ።

አንዲት እናት ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ። "በቃ" ብለውኝ ተነሡ። ባናቸውን አስተካከሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና "አስተማሪዋ፣ ጥርሱን ያመው ነበር። አስነቀለው ወይ በይልኝ" አሉኝ። ወረቀቱ ሞልቷል። ከስማቸው በታች በቀረችው ጠባብ ቦታ አጣብቄ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ልብ ማለት ጀመርኩ። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ሰውየው የመጣበት ነገር የሚወጣው "በቃ" ካለ በኋላ ነው፤ አንድ እግሩ ደጅ ሲሆን። "ጫማ ሰጡት ወይ በይልኝ።" "ያቺን ልጅ ድረዋታል በይው... ኧረ ተይ፣ አትንገሪው... እንግዲህ ንገሪው።" "በሕልሜ ይጠራኛል፤ ምን ፈልጎ ነው በይው።" እኔም ብልጥ ሆንኩ። ስማቸውን ከፍ አድርጌ እጽፍና ከሥሩ አራት ጣት ያህል እተዋለሁ። እነሱ በር ጋ እስኪደርሱ እስክርቢቶዬን አልከድንም።

መልስ የመጣላቸው ነበሩ። ያልመጣላቸውም ነበሩ። ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ለልጅ ልጆቼ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ እጄ ራሱ በዚያው ወግ ሄደ። "ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ" አልኩ። እናቱ ስታነብለት ትልቁ "ናፍቆት በሽታ ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። እሷ ወደ እኔ አስተላለፈችው። አርባ ዓመት ሙሉ ስጽፈው የኖርኩት ነገር ነው፤ አንድም ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። "እንደሱ ነገር ነው፤ ግን መድኃኒት አይወሰድለትም" ብዬ መለስኩለት።

መልሱ በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ልጁ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ይማራል። ግማሹን በአማርኛ፣ ሲደክመው ደግሞ በእንግሊዝኛ ጽፎታል። ጥያቄው ይህ ነበር፦ "እማማ፣ ደብዳቤሽ ላይ ጥቅምት 2016 ይላል። በ2016 እኔ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያኔ ጽፈሽው አሁን ነው የደረሰው?"

ፖስታ ቤቱን እንዲህ የሚያማ ሰው አይቼ አላውቅም። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ የአስተማሪነቴ ነገር ተነሣብኝና ሦስት ገጽ መለስኩ። የእኛ ዘመን ከእነሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚል፣ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን፣ ዓመቶቻችን በአራቱ ወንጌላውያን እንደሚጠሩና 2016 የዮሐንስ እንደሆነ። ከሦስቱ ገጽ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ታዲያ እዚያ ብመጣ ልጅ እሆናለሁ?" አለኝ። ትሆናለህ አልኩት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉራ ነፋብኝ። ዴንቨር አንድ ማይል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ደረጃዎች አንዱ ላይ ተጽፏል። እሱ እዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ ፎቶ ተነሥቷል፤ ፎቶውን ላከልኝ። አንድ ማይል 1,609 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። "ልጄ፣ በእኛ አቆጣጠር አንተ ወይና ደጋ ነህ" ብዬ ጻፍኩለት። "ማሽላ ይበቅልልህ ይሆናል። ጋቢ ግን አያስፈልግህም።" ስለ ጋቢው ተሳስቻለሁ፤ እነሱ ጋ በረዶ ጉልበት ድረስ እንደሚሆን ቆይቶ በፎቶ አየሁ። እዚህ ያለው ብርድ በረዶ የሌለው፣ አጥንት ብቻ የሚፈልግ ብርድ ነው።

በዚያው ደብዳቤ ስለ ጣርማበር ነገርኩት። ከደብረ ብርሃን አልፈህ ስትሄድ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ዋሻ አለ፤ በወዲህ ገብተህ በወዲያ ስትወጣ ደብረ ሲና ከእግርህ ሥር ናት። ጉም ከወረደ ምንም አይታይም። ባለቤቴ በዚህ መንገድ ብዙ ዘመን የጭነት መኪና ነድቷል። ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ክላክስ ያደርግ ነበር፣ ሌላ መኪና ኖረም አልኖረም። ሰላምታ ነው ይል ነበር። ትልቁ ሒሳብ ሠርቶ መለሰልኝ። "ስለዚህ አባባ የነዳው የዴንቨርን እጥፍ በሚያህል ከፍታ ላይ ነው።" ልክ ነበር፤ ዋሻው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለ አባባ በደብዳቤ ያነሣው ያን ጊዜ መጀመሪያው ነው።

ቴምብር ይሰበስባል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ወሬ ሆነልን። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን የታተሙት ፓሪስ ነው። ግማሾቹ ላይ አፄ ምኒልክ፣ ግማሾቹ ላይ አንበሳ አለ። አፄ ምኒልክ የተወለዱት ደግሞ እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ ነው። "ጎረቤታችን ነበሩ ማለት ነው?" አለኝ። እንዲያ ብንል ማን ይከሰናል።

አሁን የማፍርበትን ልናገር።

አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ደብዳቤው ላይ "እማማ፣ አንተ ደህና ነህ?" ብሎ ጀመረ። "ሐሙስ"ን በሃሌታው ሀ ጽፎታል። "ፀሐይ" አራት ቦታ ላይ አራት ዓይነት ሆናለች። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው እጅ ምን ያደርጋል? ቀይ እስክርቢቶ አነሣሁ። አሥራ አራት ቦታ ላይ አረምኩና ከመልሴ ጋር አጥፌ መልሼ ላክሁለት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሰባት ሳምንት አለፈ። ዐሥር ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ሣጥኑን እከፍታለሁ፣ ባዶ። አድራሻ ተሳስቼ ይሆን አልኩ። አንዴ የቤቱን ቁጥር ገልብጬ ጽፌ ደብዳቤዬ አራት ወር ቆይቶ ተመልሶልኝ ያውቃል። በኋላ ልጄ ደውላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እማዬ፣ ወረቀቱን ሲያየው አልቅሷል" አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በመንዝ ዘመኔ የእነዚያን እናቶች አንድ ቃል አርሜ አላውቅም። "ነቀለው" ሲሉ "ነቀለው"፣ "አይ" ሲሉ "አይ"። ለገዛ የልጅ ልጄ ሲሆን ቀይ እስክርቢቶ።

ይቅርታ መጠየቂያው ምን እንደሚሆን ስፈልግ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንድ ገጽ ሙሉ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። የእኔ እንግሊዝኛ የመምህራን ማሠልጠኛ እንግሊዝኛ ነው፤ ተከድኖ የኖረ። "እባክህ አርምልኝ" አልኩት። በስድስተኛው ሳምንት መጣ። ወረቀቴን በብርቱካናማ አጥለቅልቆታል። አሥራ ዘጠኝ ስሕተት አግኝቷል። ግርጌው ላይ "6/10፣ ጎበዝ" ይላል። ከስሙ በታች በትንንሽ ፊደል "ቀይ ነበረኝ፤ ግን ቀይ አልወደድኩም" ብሏል።

ከዚያ ወዲህ ተቻችለን እንኖራለን። "አንተ" ቢለኝም "አንቺ" ቢለኝም እሰማለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ "ሰ እና ሠ ድምፃቸው አንድ ከሆነ አንዱ ምን ይሠራል?" ብሎ ራሱ ጠየቀኝ። በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፣ አማርኛ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው አንድ ሆነ፣ መልካቸው ግን ቀረ ብዬ መለስኩ። "እንደ መንታ" አለ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ማስረዳት አልመጣልኝም።

ትንሿ ገና መጻፍ አትችልም፤ እጇን ወረቀት ላይ ዘርግታ በእርሳስ ዙሪያውን ታሠምራለች። እኔም የእኔን አሠምሬ እልካለሁ። አንድ ጊዜ በበልግ አዝመራ የገብስ ዛላ ጨምሬ ልልክላት ነበር። ልጄ "እማዬ፣ እህል በፖስታ አይገባም፣ ይጥሉታል" አለችኝ። ዛላውን ወረቀት ላይ አስተኝቼ በእርሳስ ዙሪያውን ሄድኩበት። ፂሙን ለማውጣት ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ።

አሁን ወደ አንድ ወንበር ልምጣ። ይህን ሁሉ ያወራሁት ለእሱ ነው።

በ2011 ክረምት ልጄ ትልቁን ይዛ መጥታ ነበር። አምስት ዓመቱ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆዩ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። የራሱ ወንበር አለችው። በዚያ ክረምት የግራ እግሯ ተሰነጠቀና በሽቦ ጠፈራት። ትልቁ ፒንሳ ያቀብለው ነበር። ሌላውን ጊዜ ጭኑ ላይ ቁጭ ብሎ መሪ እንደያዘ ሰው እጁን ያዞራል። ዋሻው ጋ ሲደርሱ ሁለቱም በአፋቸው ክላክስ ያደርጋሉ።

ባለቤቴ በጥር 2014 አረፈ። ለልጄ መርዶውን ጓደኞቿ በማለዳ በር አንኳኩተው ነገሯት። ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም። ለልጆቹ "አባባ ሰማይ ቤት ሄደ" ተባለ፤ በቃ። በቪዲዮ ስንገናኝ እሷም እኔም እንጠነቀቃለን። ልጆች ፊት አይለቀስም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ።

ከአራት ወር በፊት ትልቁ ረዘም ያለ ደብዳቤ ላከ። ስለ ትምህርት ቤት ነው። የትንሿ የፊት ጥርስ ወልቋል፤ እኛ አገር ጥርስ ጣሪያ ላይ ይወረወራል ያልኩትን ሰምታ ወርውራለች፣ ጣሪያው ግን የሌላ ሰው ነው። "በቃ፣ ይኸው ነው። የልጅ ልጅሽ" ብሎ ስሙን ጽፏል። ወረቀቱን ወደ ማጠፉ ስሄድ ከስሙ በታች አንድ መስመር አየሁ።

"እማማ፣ የአባባ ወንበር ላይ አሁን ማን ይቀመጣል?"

ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዱን ወረቀት "አባባ ከላይ ሆኖ ያየናል" ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። አንዱን "አንተ ስትመጣ ትቀመጥበታለህ" ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? በመጨረሻ ያለውን ነገር ጻፍኩ። "ማንም አይቀመጥበትም። እኔ ሌላኛው ላይ ነው የምቀመጠው። የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትመታው እሱን ስለሆነ የታጠበ ካልሲ አሰጣበታለሁ። አንዳንዴ ቡና ስጠጣ ወደዚያ ዞሬ አወራለሁ።" ለልጅ እንዲህ ይጻፋል ወይ ብዬ ደብዳቤውን ሁለት ሐሙስ ይዤው ሄጄ ይዤው ተመለስኩ። በሦስተኛው አስገባሁት።

እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ የመጣው መልሱ ነው። ቡናው ፈላ። መነጽሬን ወለወልኩ። ውስጡ አንድ ወረቀት ብቻ አለ፣ ሥዕል። ወንበር ነው፣ በሰማያዊ እርሳስ። መደገፊያው ላይ ሦስት ካልሲ ተሰጥቷል። በወንበሩ ግራ እግር ላይ ጥቁር መስመር ዙሪያውን ተጠምጥሟል፣ አምስት ስድስት ጊዜ። ሽቦው ነው። ስለ ሽቦው ጽፌለት አላውቅም።

ሥሩ ላይ ስሙ አለ። ከስሙ በታች ደግሞ "እማማ፣ ካልሲው ሲደርቅ አንቺ ተቀመጪበት" ይላል።

ዛሬ ሰማዩ ደመና ነው። ካልሲው ገና አልደረቀም።